ኡራጓይን ሳይቸኩሉ መዞር፦ ከቪዛ እስከ ማቴ

ደቡብ አሜሪካ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ብራዚል ካርኒቫል ወይም ወደ ፔሩ ተራሮች ይሮጣል። በብራዚልና በአርጀንቲና መካከል ተሸጉጣ የተቀመጠችው ኡራጓይ ትዝ የምትለው ለኳስ አፍቃሪ ብቻ ነው። ሕዝቧ 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ዋና ከተማዋ ሞንቴቪዴዮና አካባቢዋ ይኖራል። ከፍተኛው ጫፏ ሴሮ ካቴድራል ከባሕር ወለል በላይ 514 ሜትር ብቻ ነው። ታላቅ ፏፏቴ የለም፣ በረዷማ ተራራ የለም፣ ጥንታዊ ፒራሚድ የለም። ስለዚህ ብዙ ቱሪስት ከቦነስ አይረስ በጀልባ ተሻግሮ አንድ ቀን ይውልና «ምንም የሚታይ ነገር የለም» ብሎ ይመለሳል።

በአንድ ቀን ለሚያይ ሰው እውነትም የለም። ይህች አገር የምትሰጠው ነገር የሚገኘው ቁጭ ሲሉ ነው፦ የባሕር ዳር ግንብ ላይ፣ የሥጋ መጥበሻ እሳት አጠገብ፣ ከበሮ ተከትሎ በእግር ሲያዘግሙ። ይህ መመሪያ ሁለት ሳምንት አላችሁ ብሎ ይነሳል። አሥር ቀን ብቻ ካላችሁም ይሠራል፤ የምትቀንሱት ግን ቦታውን እንጂ በየቦታው የምታድሩበትን ሌሊት አይሁን።

ዓመታቱና ወራቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያለሁ። ስለ ሰዓት ግን የሚያስደስት ነገር አለ። ኡራጓይ ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት ይለያል። ስለዚህ ሞንቴቪዴዮ ላይ የግድግዳ ሰዓት 3 ሲያሳይ አዲስ አበባም ሦስት ሰዓት ነው፤ እነሱ ከቀትር በኋላ፣ እኛ ማታ። በሐበሻ ሰዓት የሞላችሁትን የእጅ ሰዓት መነካካት አያስፈልግም፣ እናታችሁ ጋ ስትደውሉም ማስላት አይኖርባችሁም።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ምረጡ

ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ወቅቱ የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀቱ ከዲሴምበር እስከ ማርች፣ ብርዱ ከጁን እስከ ኦገስት። ጃንዋሪን ራቁ። አርጀንቲናውያን በገፍ የሚመጡበት፣ የባሕር ዳርቻ ክፍል ዋጋ የሚሰቀልበት፣ ይህች ዘና ያለች አገር የምትጣደፍበት ብቸኛ ወር እሱ ነው። የእኔ ምርጫ ማርች ነው፦ ባሕሩ ገና ሞቅ ያለ ነው፣ ሕዝቡ ወደ ሥራው ተመልሷል፣ ባለ ሱቁም ሊያወራችሁ ጊዜ አለው። ማርች ካልሆነላችሁ ኖቬምበር። በብርዱ ወራት በረዶ አይጥልም፤ ሆኖም ከወንዙና ከባሕሩ የሚነሳው እርጥበት አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ የባሕር ዳር መንደሮችም ግማሹ ዝግ ነው። በዚያ ሰሞን የሚያስኬድ አንድ ምክንያት ቢኖር ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ከዳርቻው የሚታዩት ዓሣ ነባሪዎች ናቸው።

ቀን ስትቆርጡ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ የምዕራባውያን ፋሲካ መቼ እንደሚውል። ኡራጓይ ከደቡብ አሜሪካ ሁሉ ከሃይማኖት የራቀች መንግሥት ናት፤ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የተለያዩት በ1917 በጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። የሕማማትን ሳምንት በይፋ «የቱሪዝም ሳምንት» ይሉታል፣ የገናን ቀን ደግሞ «የቤተሰብ ቀን»። በዚያ ሳምንት አገሩ በሙሉ ይጓዛል፣ አውቶቡስም አልጋም ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ካርኒቫሉን ማየት ከፈለጋችሁ ፌብሩዋሪ ላይ የሚደረገውን «ላስ ዣማዳስ» የተባለውን የከበሮ ሰልፍ ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። ካርኒቫላቸው አርባ ቀን አካባቢ ስለሚቆይ ሰልፉ ቢያመልጣችሁ እንኳ ሌላ ነገር አታጡም።

ደረጃ 2፦ ቪዛና በረራ

የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን የትም ይኑር የት ቪዛ ያስፈልገዋል። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ቪዛ ይተካል ብላችሁ እንዳትገምቱ። የሚመለከታችሁን የኡራጓይ ቆንስላ ለይታችሁ ጉዞው ወራት ሲቀሩት ጀምሩ፤ የሆቴል ማስያዣ፣ የመመለሻ ትኬትና የገቢ ማስረጃ ከመጀመሪያው አዘጋጁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ፣ ከዚያም ቦነስ አይረስ ይበራል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ከሳኦ ፓውሎ ወደ ሞንቴቪዴዮ የሚወስደውን በረራ ለብቻው በርካሽ ከገዛችሁ ሻንጣ ለመቀበልና እንደገና ለማስረከብ ወደ ብራዚል መግባት ሊኖርባችሁ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የብራዚል ቪዛ ይጠየቃል። ስለዚህ እስከ ሞንቴቪዴዮ ድረስ በአንድ ትኬት ግዙ፣ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው እንዲለጠፍ አድርጉ። ሰው ሁሉ የሚያወድሰው የቦነስ አይረስ ጀልባም እንዲሁ ነው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በልጦ የኡራጓይዋ ኮሎኒያ ከተማ ያደርሳል፣ የሁለቱም አገር ኢሚግሬሽን መነሻው ወደብ ላይ አንድ ቦታ ያልቃል፤ ግን አርጀንቲና ትገባላችሁና የአርጀንቲና ቪዛ የግድ ነው።

ከአሜሪካ የምትነሱ ከማያሚ፣ ከአውሮፓ ደግሞ ከማድሪድ ቀጥታ በረራ አለ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዛችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብራዚል ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለአሜሪካውያን ቪዛ መልሳለች፤ «ድንበሩን ሻገር ብዬ ልመለስ» ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ደግሞ ሁላችሁም ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ። ኡራጓይ ባትጠይቃችሁ የምታልፉበት አገር ወይም የምትመለሱበት አገር ሊጠይቅ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ኪሳችሁን አዘጋጁ

ርካሽ አገር እንዳትጠብቁ። ኡራጓይ በአህጉሩ ውድ ከሚባሉት አንዷ ናት፣ የምግብ ቤት ሒሳብ ደቡብ አውሮፓ ያላችሁ ያስመስላል። መገበያያው የኡራጓይ ፔሶ ነው፤ አንድ ዶላር ሰሞኑን በ40 ፔሶ አካባቢ ይመነዘራል። እንደ አርጀንቲና ጥቁር ገበያ ፍለጋ ላይ ታች ማለት የለም። «ካምቢዮ» የሚል ሰሌዳ ያለበት ቤት ሁሉ ተመኑን በር ላይ ሰቅሏል፣ ልዩነቱም ትንሽ ነው። ከአውሮፕላን ጣቢያው ግን ለታክሲና ለውኃ የሚሆን ብቻ መንዝሩ።

የውጭ አገር ካርድ ያለው ሰው እዚህ ይጠቀማል። ሆቴል ለውጭ ነዋሪ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው፤ ፓስፖርት አሳዩ፣ የተነገራችሁ ዋጋ ታክሱን ያወጣ መሆኑንም ጠይቁ። ምግብ ቤት ውስጥ በውጭ ካርድ ለሚከፍል ቱሪስት 22 በመቶው ታክስ የሚቀነስበት ደንብም አለ፤ በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነ ስትሄዱ ይሠራ እንደሆነ አስተናጋጁን ጠይቁት። በጥሬ ገንዘብ ከከፈላችሁ ቅናሹ ይቀርባችኋል። ሒሳቡ ላይ «ኩቢየርቶ» የሚል መስመር ብታዩ አትጣሉ፣ የዳቦና የማዕድ ክፍያ ነው። ጉርሻ አሥር በመቶ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ዝርዝሩን በግማሽ ቁረጡ

ወረቀት አውጡና ማየት የምትፈልጉትን ጻፉ፤ ከዚያ ግማሹን ሰርዙ። ሁለት ሳምንት ላለው ሰው እኔ የማውቀው ጥሩ አካሄድ አራት ማደሪያ ብቻ ነው፦ ሞንቴቪዴዮ አምስት ሌሊት፣ ኮሎኒያ ወይም ካርሜሎ ሦስት፣ በምሥራቅ ያለው የሮቻ ባሕር ዳርቻ አራት፣ ቀሪው ደግሞ ገጠር። ኪራይ መኪና ለገጠሩ ብቻ ያዙ። ለሌላው አውቶቡስ አለ፣ እሱም የዚህች አገር አንዱ ኩራት ነው።

አውቶቡሶቹ የሚነሱት ሞንቴቪዴዮ ካለው ትሬስ ክሩሴስ መናኸሪያ ነው። ፎቁ የገበያ ማዕከል ነው፣ ታች ደግሞ የትኬት መስኮቶች በረድፍ ተደርድረዋል። ጩኸት የለም፣ ጎታች የለም፣ «አንድ ሰው ቀረን» የሚል የለም። ሞልቶ እስኪነሳ አይጠበቅም፤ በተባለው ደቂቃ ይነሳል፣ ወንበሩ ቁጥር አለው። በየአቅጣጫው የሚሄደው ድርጅት የተለያየ ነው፤ ለምሳሌ ወደ ሮቻ ዳርቻ ሩታስ ዴል ሶልና ኮት ይሄዳሉ። ኮሎኒያ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ ፑንታ ዴል ኤስቴ ሁለት ሰዓት፣ ፑንታ ዴል ዲያብሎ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ሰሜን ያለው ሳልቶ ከስድስት በላይ። ከጃንዋሪና ከቱሪዝም ሳምንት በስተቀር በዕለቱ መግዛት ይቻላል። ለሾፌሩ የምትወርዱበትን ከነገራችሁት አውራ ጎዳናው ላይ ያወርዳችኋል፤ ከመንገድ ዳር እጅ ስትዘረጉም ይቆማል።

ደረጃ 5፦ ሞንቴቪዴዮ ላይ ምንም ሳታቅዱ ሰንብቱ፣ እሑድን ብቻ አቅዱ

መጀመሪያ ወደ ራምብላ ሂዱ። ከተማዋን ከውኃው ጋር እየተጠማዘዘ የሚከተል ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የእግር መንገድ ነው። ከሥራ በኋላ ሰው ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ ይመጣና ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ይቀመጣል። ውኃው ወንዝ ነው ይባላል፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታ፤ ግን ማዶው አይታይም፣ ቀለሙም ቡናማ ነው።

በሥራ ቀን አሮጌውን ከተማ፣ ሲውዳድ ቪየሃን፣ ጠዋት ዞሩት። ነፃነት አደባባይ መካከል የብሔራዊ ጀግናው የሆሴ አርቲጋስ ሐውልት አለ፣ ከሥሩ በደረጃ ሲወርዱ አፅሙ ያረፈበት ክፍል ይገኛል፤ ዘብ ይቆምለታል። አጠገቡ በ1928 የተጠናቀቀው ፓላሲዮ ሳልቮ የተባለው ሕንፃ ነው። ሲመሽ ግን አሮጌው ከተማ ጭር ይላል፤ ከመሸ በኋላ እዚያ ከምትንከራተቱ ወደ ፖሲቶስ ወይም ወደ ፑንታ ካሬታስ ሰፈር እራት ሂዱ። ለኳስ ሰው ደግሞ ግማሽ ቀን ለሴንቴናሪዮ ስታዲየም። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በ1930 የተደረገው እዚያው ነው፦ ኡራጓይ አርጀንቲናን 4 ለ 2። ሙዚየሙ ውስጥ ሆሴ ሌአንድሮ አንድራዴን ፈልጉ፤ በ1924 ፓሪስ ኦሊምፒክ ያበራ ጥቁር ተጫዋች ነው።

እሑድ ግን ሌላ ነው። ጠዋት በትሪስታን ናርባሃ ጎዳና የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል፤ ከመጽሐፍ እስከ ዛገ ቁልፍ፣ ከካናሪ ወፍ እስከ ቲማቲም። ከቀትር በኋላ አረፍ በሉና ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ወደ ፓሌርሞ ወይም ወደ ባሪዮ ሱር ሰፈር ውረዱ። መንገድ ዳር ካርቶንና እንጨት ሲነድ ታያላችሁ፣ ከበሮዎቹም አፋቸውን ወደ እሳቱ አዙረው ተኝተዋል። ቆዳው ሲሞቅ ይወጠራል። አንዱ አነሳ ያደርግና በመዳፉ ይመታል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ አልጣመውም፣ መልሶ ያስተኛዋል። ይህ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ የሚቸኩል የለም። ከዚያ በትከሻቸው አንግተው ይሰለፋሉ፤ በአንድ እጅ ዱላ፣ በሌላው ባዶ መዳፍ።

ይህ ካንዶምቤ ነው። ከበሮዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ትንሹ ቺኮ፣ መካከለኛው ሬፒኬ፣ ትልቁ ፒያኖ። በሞንቴቪዴዮ ወደብ በባርነት የገቡ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ያቆዩት ነው፤ ባርነት በኡራጓይ በሕግ የተሻረው በ1842 ነው። ዩኔስኮ በ2009 መዝግቦታል፣ ዲሴምበር 3 ደግሞ የካንዶምቤና የዘር እኩልነት ብሔራዊ ቀን ነው። ሥነ ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ ከኋላ ወይም ከጎን ሆናችሁ አብራችሁ አዝግሙ፣ በከበሮ መቺዎቹ ረድፍ መካከል አትቁረጡ፣ ብልጭታ ያለው ፎቶ ፊታቸው ላይ አታንሱ። ስልካችሁንና ገንዘባችሁን ውስጥ ኪስ አድርጉ፤ ሰው ይበዛል።

እግረ መንገዴን፦ ቆዳችሁ ጥቁር ስለሆነ እንዴት ይቀበሉን ይሆን ብላችሁ የምታስቡ ብትኖሩ፣ ሞንቴቪዴዮ ውስጥ ብራዚላዊ ወይም ኩባዊ መስላችሁ ታልፋላችሁ። ገጠር ትንሽ ይመለከቷችኋል፤ «ኢትዮጵያ» ስትሏቸው ግን ጥያቄው አያልቅም።

ደረጃ 6፦ ማቴ መጠጣት ተማሩ

ያለ ማቴ፣ ማለትም በሞቀ ውኃ ከሚዘጋጀው የቅጠል መጠጥ ውጪ፣ ኡራጓይን አየሁ ማለት አይቻልም። በብብቱ ፔርሙስ የሸጎጠ፣ በእጁ የቅል ዋንጫ የያዘ ሰው በየመንገዱ ታያላችሁ፤ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ሕፃን ሲያጫውት፣ ባንክ ሲሰለፍ። ቅጠሉ የርባ ይባላል፣ አብዛኛው ከብራዚል ይመጣል። አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ዋንጫውን ከግማሽ በላይ በየርባ ሙሉ፤ አዘንብላችሁ ቅጠሉን በአንድ ወገን ከምሩት። በጎደለው ወገን ለብ ያለ ውኃ ጠብ አድርጉና ቅጠሉ እስኪያብጥ ጠብቁ። ቦምቢሻ የሚባለውን የብረት መምጠጫ እርጥቡ ወገን እስከ ታች አስገቡ። ከዚያ የሞቀ እንጂ ያልፈላ ውኃ እዚያው ቦምቢሻው አጠገብ አፍስሱ። የፈላ ውኃ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ምሬቱም አይቻልም። የተከመረው ደረቅ ወገን እንዳይረጥብ የሚጠነቀቅ ሰው ባለሙያ ይባላል።

ማኅበራዊ ሕጉ ከአዘገጃጀቱ ይበልጣል። የሚቀዳው አንድ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን፣ መራራውን፣ ራሱ ይጠጣል። ከዚያ ሞልቶ ለአንዱ ይሰጣል፣ ያ ሰው እስከ ታች መጥጦ ዋንጫውን ለቀጂው ይመልሳል፣ ቀጂው እንደገና ሞልቶ ለሚቀጥለው። እንደ ቡናችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚል ቁጥር የለውም፤ ፔርሙሱ እስኪያልቅ ይዞራል። ሦስት ነገር አታድርጉ፦ ቦምቢሻውን አታማስሉ፣ ዋንጫውን ይዛችሁ ወሬ አትጀምሩ፣ በየተራው «ግራሲያስ» አትበሉ። «ግራሲያስ» ካላችሁ በቃኝ ማለታችሁ ነው፣ ከዙሩ ትወጣላችሁ። በይሉኝታ የምናመሰግን እኛ ሐበሾች ሳናስበው የምንቀረው በዚህ ነው።

የማያውቋችሁ ሰዎች ከጋበዟችሁ ተቀበሉ። የጋራ መምጠጫ የሚከብደው ሰው በፈገግታ እንቢ ቢል አይቀየሙም።

ደረጃ 7፦ ምግቡን እንደ ጾም ፍስኩ ያዙ

የፍስክ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። ኡራጓይ ውስጥ 12 ሚሊዮን ገደማ ከብት አለ፤ በእስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ሥጋውን በሱቅ ታውቁታላችሁ። አሳዶ የሚሉት ጥብስ የሚሠራው በከሰል ሳይሆን በእንጨት ነው። እንጨቱ በአንድ ጎን በብረት ቅርጫት ውስጥ ይነዳል፣ ፍሙ ሲወድቅ ጠባሹ እየጎተተ ከዘንበል ካለው የብረት ፍርግርግ ሥር ያነጥፈዋል። ቅመሙ ጨው ብቻ ነው። አዘውትሩ ብዬ የምመክራችሁ «ኤንትራኛ» እና «ባሲዮ» የሚባሉትን የሥጋ ብልቶች ነው። ጥሬ የለመደ ሰው «ሁጎሶ» ይበል፣ ደም ደም የሚለው እሱ ነው፤ ከዚያ በታች ግን አይሄዱላችሁም። አዋዜ ብትይዙ ዘመድ ታፈራላችሁ፤ በርበሬ የሚያቃጥል ምግብ የላቸውም። በ1868 የተከፈተው የወደብ ገበያ፣ መርካዶ ዴል ፑኤርቶ፣ ለዓይንም ለአፍንጫም ደስ ይላል፤ ዋጋው ግን የቱሪስት ነው። አንድ ጊዜ ሂዱና ከዚያ በኋላ የሰፈር ፓሪሻ፣ ማለትም ጥብስ ቤት፣ ፈልጉ።

ቺቪቶ የሚባለው ብሔራዊ ሳንድዊች ውስጥ ከበሬ ሥጋው ጋር ሃምና ቤከን፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ፣ ይገባል። ሙስሊም አንባቢዎች «ሲን ሃሞን፣ ሲን ፓንሴታ» ማለትን ከመነሳታችሁ በፊት አጥኑ፤ የሐላል ምግብ ቤት ማግኘት ከባድ ስለሆነ ዓሣ ላይ ማተኮር ይሻላል። ኮሸር ለሚበላ ሞንቴቪዴዮ የአይሁድ ማኅበረሰብ አላት፣ ከዋና ከተማው ውጪ ግን አትጠብቁ።

ለጾመኛ ግን ነገሩ ሰፊ ነው፣ ምክንያቱም ጥሩው የጉዞ ወር ማርች የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ላይ ነው። የከብት አገር ውስጥ ሁዳዴ! ግን ሁለት ባለውለታ አሉ። አንዱ ፒሳ ነው። ሌላ አገር ፒሳ ያለ አይብ አይታሰብም፤ ኡራጓይ ውስጥ ዝም ብላችሁ «ፒሳ» ካላችሁ የሚመጣላችሁ የቲማቲም ስጎ ብቻ የተቀባ አራት ማዕዘን ቁራጭ ነው። አይብ የሚፈልግ ነው ለይቶ «ሙሳሬላ» የሚለው። ሁለተኛው ፋይና ነው፦ የሽምብራ ዱቄት፣ ውኃ፣ ዘይትና ጨው ተበጥብጦ በትልቅ ክብ ትሪ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ቀጭን ቂጣ። የሰፈር ፒሳ ቤት ሁሉ አለው፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው ትኩሱን ይሰጧችኋል። ሽሮ ያደገበት ምላስ ወዲያው ይለየዋል። ጠርዙን ከወደዳችሁ «ዴ ላ ኦሪሻ» በሉ፣ ቀጭኑና የተንኮሻኮሸው እሱ ነው።

ፓሪሻ ውስጥም ከሥጋው አጠገብ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ቃሪያና ዱባ ይጠበሳል። ዝናብ ሲዘንብ ሰው ሁሉ የሚበላው ቶርታ ፍሪታ የሚባለው የተጠበሰ ሊጥ ግን ብዙውን ጊዜ በከብት ሞራ ስለሚሠራ የፍስክ ነው፤ ቢስኮቾ የሚባለው የዳቦ ቤት ኬክም በቅቤ ወይም በሞራ ነው። «ሲን ግራሳ፣ ሲን ማንቴካ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ኡኤቮ» (ያለ ሞራ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል) የሚለውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። እራታቸው ዘግይቶ ነው፤ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወጥ ቤቱ ላይከፈት ይችላል።

ደረጃ 8፦ ወደ ምዕራብ፣ ኮሎኒያና ካርሜሎ

ኮሎኒያ ዴል ሳክራሜንቶን ፖርቹጋሎች በ1680 መሠረቷት፤ ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ከስፔኖች ጋር ሲነጣጠቋት ኖሩ። ለዚህ ነው አንዱ መንገድ በፖርቹጋል፣ ሌላው በስፔን አሠራር የተነጠፈው፤ ድንጋዩን ብቻ አይታችሁ መለየት ትችላላችሁ፦ ፖርቹጋሎች ውኃው መሐል ለመሐል እንዲፈስ መንገዱን ወደ ውስጥ ያጎደጉዳሉ። አሮጌው ክፍል በ1995 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ቀን ቀን ከቦነስ አይረስ የመጣ ቱሪስት ይሞላዋል፣ የማታው ጀልባ ሲነሳ ግን መንደሩ ለአዳሪዎቹ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ ማደር እንጂ ደርሶ መልስ አትሂዱ።

ጊዜ ካላችሁ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ካርሜሎ አለች። አርቲጋስ በ1816 ያቋቋማት ትንሽ ከተማ ናት፣ ዙሪያዋ ወይን እርሻ ነው። በ1912 የተሠራው ቀይ ድልድይዋ ለጀልባ ሲከፈት በሰው ጉልበት ይሽከረከራል። ታናት የሚባለውን ጠንካራ ቀይ ወይን እዚህ ቅመሱ።

ደረጃ 9፦ ወደ ምሥራቅ፣ ባሕሩ

መንገድ ላይ፣ ከሞንቴቪዴዮ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ የአትላንቲዳ ቤተ ክርስቲያን አለ። መሐንዲሱ ኤላዲዮ ዲየስቴ ግድግዳውን በቀይ ጡብ እንደ ማዕበል አጥፎ ሠራው፤ በ2021 ዩኔስኮ መዘገበው። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ ግን አትለፉት።

ፑንታ ዴል ኤስቴን እኔ ብሆን አላድርባትም። ፎቅና ጀልባ የሞላባት የሀብታም መዝናኛ ናት። ከአሸዋው የሚወጡትን አምስት ጣቶች (የቺሊው ማሪዮ ኢራራሳባል በ1982 የሠራው ሐውልት ነው) አይታችሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ፑንታ ባዬና ላይ ሠዓሊው ካርሎስ ፓኤስ ቪላሮ የገነባውን ነጭ ቤት ካሳፑኤብሎን ጎብኝታችሁ ቀጥሉ። መኪና ካላችሁ በዳርቻው መንገድ ሂዱ። ላጉና ጋርሶን ላይ ክብ ድልድይ አለ፤ አርክቴክቱ ራፋኤል ቪኞሊ ነው፣ በ2015 ተከፈተ። ክብ ያደረገው ሾፌር ፍጥነት እንዲቀንስና ሐይቁን እንዲያይ ነው። አገሩን ባንድ ነገር አሳየኝ ብትሉኝ ያንን ድልድይ አሳያችኋለሁ።

የሮቻ ክፍለ ሀገር ሲጀምር አስፋልቱ ይቀንሳል፣ አሸዋው ይበዛል። ላ ፓሎማ ለቤተሰብ፣ ፑንታ ዴል ዲያብሎ ለወጣት፣ ካቦ ፖሎኒዮ ደግሞ ለሁሉም ቢያንስ ለአንድ ሌሊት።

ካቦ ፖሎኒዮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ በራሳችሁ መኪና አትገቡም። አውቶቡሱ ዋናው መንገድ ላይ መግቢያው በር ያወርዳችኋል፤ እዚያ ደርሶ መልስ ትኬት ገዝታችሁ ከፍ ያለ ጎማ ያለው ክፍት ካሚዮን ላይ ትወጣላችሁ። ላይኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ብረቱን ያዙ፣ ቦርሳችሁን በእግራችሁ መሐል አጥብቁ። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል በዛፍና በአሸዋ ክምር መሐል እየተንገጫገጨ ይሄድና በድንገት ባሕሩ ላይ ይወጣል፤ የመጨረሻውን መንገድ ማዕበሉ የረገጠው አሸዋ ላይ ይነዳል። መንደሩ የመንግሥት መብራት የለውም፤ ያለው የፀሐይ ኃይል፣ ጄኔሬተርና ሻማ ነው። መንገድ የለም፣ አጥር የለም። ከ1881 ጀምሮ የቆመው የመብራት ማማ ሥር ዓለቱ ላይ የባሕር አንበሶች ተጋድመው ይጮኻሉ፤ ሽታቸው ቀድሞ ይደርሳል።

የምትይዙት፦ ጥሬ ገንዘብ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጅ ማጠራቀሚያ፣ የንፋስ ጃኬት፣ የምትጠጡት ውኃ። ትልቁን ሻንጣ ለቀደመው ማደሪያችሁ በአደራ ትታችሁ ኑ። መዋኘት የማይችል ሰው ከጉልበት በላይ አይግባ፣ የሚችልም ቀይ ባንዲራ ሲያይ ይውጣ፤ የአትላንቲክ ጅረት ይጎትታል፣ ነፍስ አድን ሠራተኞችም ከሙቀቱ ወራት ውጪ የሉም።

ከፑንታ ዴል ዲያብሎ አለፍ ብሎ ሳንታ ቴሬሳ አለ፦ ጦሩ የሚያስተዳድረው ደን፣ የድንኳን ሰፈርና ፖርቹጋሎች በ1762 ጀምረውት ስፔኖች የጨረሱት ምሽግ። ብቻውን አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል።

ደረጃ 10፦ ከቀሪው ገጠር አንዱን ብቻ

ለመኪና ነጂ ሚናስና ቪያ ሴራና፦ ከሞንቴቪዴዮ ሁለት ሰዓት፣ ኮረብታና ጅረት። አጥንቱ ለደከመ ሳልቶ አካባቢ ያሉት ፍልውኃዎች፣ ዳይማን ወይም አራፔይ። ለታሪክ ሰው ፍራይ ቤንቶስ፦ ለአውሮፓ የታሸገ ሥጋና የሥጋ ጭማቂ ሲልክ የኖረው ፋብሪካ በ2015 ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆኗል፣ ማሽኖቹ እንደቆሙ ናቸው። ለፈረስ ወዳድ ማርች ላይ ታኩዋሬምቦ የሚደረገው የጋውቾዎች (በፈረስ የሚሄዱ ከብት ጠባቂዎች) በዓል፣ አልጋው ግን ቀድሞ ያልቃል። የትም ብትሄዱ ከቀትር ጀምሮ ለሦስትና ለአራት ሰዓት ሱቁ ዝግ ነው፤ የምትፈልጉትን ጠዋት ግዙ።

አንድ ጥንቃቄ። ካናቢስ በኡራጓይ በ2013 ሕጋዊ እንደሆነ ሁሉም ሰምቷል። ሽያጩ ግን ለተመዘገቡ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው፣ ቱሪስት መግዛት አይፈቀድለትም።

ደረጃ 11፦ የመመለሻ ሻንጣ

የመጨረሻውን ሌሊት ሞንቴቪዴዮ እደሩ። ካራስኮ አውሮፕላን ጣቢያ ከመሐል ከተማ ብዙ አይርቅም፣ ወረፋውም አጭር ነው። ዱልሴ ዴ ሌቼ፣ ማለትም እስኪወፍር የተቀቀለው ጣፋጭ ወተት፣ በእጅ ሻንጣ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ፍተሻው ላይ ይወሰድባችኋል፤ ጠርሙሱን በልብስ ጠቅልላችሁ ታች በሚገባው አድርጉት። ቦምቢሻውንም እዚያው። የርባውን ደግሞ ከታሸገበት አታውጡት። ዳላስ ወይም ለንደን የጉምሩክ ሠራተኛ ፊት ሐበሻ ሆኖ፣ በላስቲክ የተቋጠረ የተፈጨ አረንጓዴ ቅጠል ይዞ፣ «ይህ ጫት አይደለም» ብሎ ማስረዳት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል።